ዛፉ ላይ ምን ተሰቅሎ ነበር

ጡረታ የወጣሁ ዕለት የሥራ ባልደረቦቼ አንድ ጋቢና አንድ የግድግዳ ሰዓት ሸለሙኝ። ጋቢውን በማግስቱ ለበስኩት። ሰዓቱ ግን እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ቁም ሣጥኑ ላይ ተጋድሞ ነበር። ባለቤቴ "ዕድሜ ልክህን ከእንጨት ጋር ኖረህ አንድ ሚስማር መምታት አቃተህ?" እያለች ታሾፍብኛለች። እውነቷን ነው፣ አቅቶኛል። የሥራ ዘመኔን በሙሉ እንጨት ውስጥ የተደበቀ ሚስማር ስፈልግና ስፈራ ነው የኖርኩት።

ሥራዬ ባንድሶ ላይ ነበር። ለማያውቀው ላስረዳ። ባንድሶ ከላይና ከታች ባሉ ሁለት መዘውሮች ላይ የሚዞር፣ እንደ ቀበቶ ረጅም የሆነ ጥርሳም የብረት ምላጭ ያለው ማሽን ነው። ምላጩ በጠረጴዛው መሐል ወደ ታች ይወርዳል፤ አንተ እንጨቱን ይዘህ ወደ እሱ ትገፋለህ። ክብ መጋዝ ቀጥ ብሎ መሄድ ብቻ ነው የሚችለው። ባንድሶ ግን በእርሳስ ያሰመርከውን መስመር ጠምዘዝ ሲል ጠምዘዝ እያለ ይከተልልሃል። የአልጋ እግር፣ የሕፃን አልጋ መወዝወዣ፣ የመስተዋት ፍሬም፣ ወገቡ የጎበጠ ወንበር፣ ሁሉም ከእሱ ሥር ነው የሚወጣው። ወፍራም ጣውላ በጎኑ አቁመህ ከገፋህለት ደግሞ ለሁለት ስስ ጣውላ ይሰነጥቅልሃል። ከእንጨት ቤት ማሽኖች ሁሉ ጨዋው እሱ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ሌሎቹ ይጮሃሉ፤ እሱ ያጉረመርማል።

አሁን አዳማ ግቢዬ ውስጥ፣ በቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ አንድ ትንሽ ባንድሶ አለኝ። ሱቁን ከዘጋ ሰው የገዛሁት አሮጌ ነው። የሰፈር ሰው የመደርደሪያ እንጨት፣ የተሰበረ የወንበር እግር፣ ከፈረሰ ቤት የተረፈ የጥድ ምሰሶ ይዞልኝ ይመጣል። የጡረታዋ ብር ለመብራትና ለሽንኩርት ትሆናለች፣ ስለ እሷ ሌላ የምለው የለኝም። ባለቤቴ ሰጋቱራው ያጠበችው ልብስ ላይ እንደሚያርፍ በየቀኑ ትነግረኛለች። በየቀኑም ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ሙያውን ያስተማሩኝ ጋሽ ሰይድ ናቸው። በወጣትነታቸው የጭነት መኪና ላይ ተሳፍረው ከወሎ መጥተው ናዝሬት የቀሩ ሰው ናቸው። አዳማን ናዝሬት የምለው ያኔ ስሟ እሱ ስለነበር ነው፤ አፌም እስከ ዛሬ እንዲያ ይላል። የተቀጠርኩበት የእንጨት ሥራ ድርጅት ውስጥ የባንድሶው ክፍል የእሳቸው ነበር። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሰማያዊ ቱታቸው ሁልጊዜ የታጠበ፣ ቁጣ የማይወዱ ሰው ነበሩ። ሲቆጡ ድምፃቸው ዝቅ ይላል፤ ያን ጊዜ ነው መፍራት።

ጠዋት ጠዋት ማሽኑን ከመክፈታቸው በፊት የሚያደርጉትን ዛሬም ዓይኔን ጨፍኜ አየዋለሁ። መጀመሪያ የእጅ ሰዓታቸውን ይፈቱና ኪሳቸው ይከቱታል። እጅጌያቸውን ከክርን በላይ ይጠቀልላሉ። የማሽኑን በር ከፍተው ምላጩን በጣታቸው እንደ ክራር ጅማት ይመቱታል። ድምፁ ከደነዘዘ ላልቷል ማለት ነው፤ ቀጭን ጩኸት ካሰማ ከመጠን በላይ ተወጥሯል። ከዚያ የላይኛውን የምላጭ መያዣ እንጨቱን ሊነካ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ያወርዱታል። "ምላጩ ራቁቱን አይቁም፣ ነውር ነው" ይላሉ።

የመጨረሻው ለእኛ የሚያቀርቡት ጥያቄ ነው። እያንዳንዳችንን ዓይን ዓይናችንን እያዩ "ቤት ሰላም ነው?" ይሉናል። እንደ ሰላምታ እንዳይመስላችሁ። መልሱን ቆመው ይሰማሉ። ልጁ ያመመው፣ ከሚስቱ ጋር ተኮራርፎ ያደረ፣ አከራዩ ልቀቅ ያለው ሰው ያን ቀን ማሽን አይነካም። ብርጭቆ ወረቀት ይሰጠውና ጥግ ይዞ ሲያለሰልስ ይውላል። "ሐሳብ ያለበት ሰው ማሽን ላይ አይቆምም። እጁ እዚህ ነው፣ ልቡ እዚያ ነው፣ ምላጩ መሐል ይገባል" ይሉ ነበር። በዚያ ክፍል የሠራን ሰዎች እስከ ዛሬ ጣታችን ሙሉ ነው። እሳቸውም አሥሩንም ጣታቸውን ይዘው ነው ጡረታ የወጡት። እንጨት ቤት የሠራ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል።

ከሁሉም በላይ የወደድኩላቸው ግን እንጨት ይዞ ለሚመጣ ሰው የሚያቀርቡት ጥያቄ ነው። ያኔም ሆነ አሁን በእኛ አገር ሰው የገዛ ግቢውን ዛፍ ቆርጦ "አልጋ ሥሩልኝ" ብሎ መምጣት ይወዳል። የአባቱ ዋንዛ፣ የአያቱ ወይራ። ጋሽ ሰይድ ስለ ዋጋም ስለ ቅርጽም ከመነጋገራቸው በፊት "ዛፉ ላይ ምን ተሰቅሎ ነበር?" ብለው ይጠይቃሉ። ሰው መጀመሪያ ግራ ይጋባል። ቀስ በቀስ ግን ይመጣለታል። የልብስ ማስጫ ሽቦ። ለበዓል የሚታረደው በግ። የሠርግ ድንኳን ገመድ። ጺም ሲላጩ የሚያዩበት መስተዋት። ለእነዚህ ሁሉ ሚስማር ይመታል። ሰው ይረሳዋል፣ ዛፉ ግን እየወፈረ ሲሄድ ይውጠዋል።

"ሚስማሩ ከዛፉ ጋር ከፍ አይልም" ብለው አስተማሩኝ። "ዛፍ በጫፉ ነው የሚያድግ። ሚስማሩ የመታው ሰው እጅ በደረሰበት ቁመት ላይ ይቀራል። ስለዚህ ሰውየው ረጅም ነው አጭር ነው ብለህ ጠይቅ።" ከተሰበረ ድምፅ ማጉያ ውስጥ ያወጡት ማግኔትም ነበራቸው፤ እንጨቱ ላይ ያንሸራትቱታል። ማግኔቱ ግን የሚይዘው ላይ ላዩን ያለውን ነው። ጠለቅ ብሎ የተቀበረውን ሰው ካልነገረህ አታገኘውም።

በዚህ አያያዝ ብዙ ቦታ ሠራን። ሁሩታ ለተማሪ ቤት ወንበር ስንሠራ ከረምን። መልካሳ ለእርሻ ሰዎች የዘር መደርደሪያ አቆምን። ዝዋይ ለዓሣ አስጋሪዎች የጀልባ ጎን ስንቀርጽ ጋሽ ሰይድ በተፈጥሮው የጎበጠ ግራር መርጠው፣ ጉብጠቱን ተከትለው ሲቆርጡት ዓሣ አስጋሪዎቹ ሥራቸውን ትተው ቆመው ያዩ ነበር። እንዲህ ያለው ሥራ ሲመጣ እሳቸው ወር ከዚያም በላይ ከቤት ይርቃሉ። ሚስታቸው እትዬ ዘሃራ ከልጆቹ ጋር ናዝሬት ይቀራሉ። ጋሽ ሰይድ ከመንገድ ሲመለሱ መጀመሪያ የሚያወሩት ስለ ቤታቸው ሰላም ነበር። "ዘሃራ እያለች ምን ሐሳብ አለብኝ" ይላሉ።

እኔ ክፉኛ የወደቅሁት በደራው እንጨት ነው። ጋሽ ሰይድ ለለቅሶ ወሎ ሄደው ነበር፤ ማሽኑ በእኔ እጅ ነበር። ኦቦ በዳዳ የሚባሉ የደራ ገበሬ ሴት ልጃቸውን ሊድሩ ነው፤ አባታቸው ከተከሉት ዋንዛ የአልጋ ራስጌ እንዲሠራላት ፈለጉ። ጣውላውን ልረከብ ደራ ድረስ ሄድኩ። "አካም ቡልተኒ" ብዬ ሰላም አልኳቸው፤ እሳቸውም አስገብተው እርጎ ሰጡኝ። በትምህርቴ መሠረት ዛፉ ላይ ምን ተሰቅሎ እንደነበር ጠየቅኋቸው።

"ሚስማር? እዚያ ዛፍ ላይ? አባቴ በእጁ የተከለው እኮ ነው። እንኳን ሚስማር፣ ፍየል አስሬበት አላውቅም" አሉኝ። ባለቤታቸው አዴ ጫልቱ በሩ ላይ ቆመው ይሰሙን ነበር። አመስግኜ ጣውላውን አስጭኜ ተመለስኩ።

ያሰብኩት ሥራ እንዲህ ነበር። ወፍራሙን ጣውላ በጎኑ አቁሜ ለሁለት እሰነጥቀዋለሁ። ሁለቱን ግማሾች እንደ መጽሐፍ ስከፍታቸው የእንጨቱ መስመር ግራና ቀኝ እኩል ይሆናል። ዋንዛ እንዲህ ሲከፈት የሚያሳየው መልክ በቀለም የሚገኝ አይደለም። ሰፊ ምላጭ አሠርኩ፣ ወጠርኩ፣ ጀመርኩ። አለቃችን አቶ ጌታሁን ደግሞ "ሠርጉ ደረሰ፣ በል እንጂ" እያሉ ከበስተኋላዬ ይመላለሳሉ። ደግ ሰው ነበሩ፤ ችግራቸው መቸኮል ነው።

ግማሽ መንገድ ላይ "ጭቅ" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ትንሽ ነበረች። እጄን ያዝ አደረግሁ። ምላጩ አልተበጠሰም፣ እንጨቱ ይሄዳል። ቀጠልኩ። ምላጭ ብረት ሲነካ አንዳንዴ በአንድ ጎን ያሉ ጥርሶቹ ብቻ ይደነዝዛሉ። ያን ጊዜ ወዳልደነዘዘው ጎን መሸሽ ይጀምራል፣ አንተ ከላይ ስታየው ግን ቀጥ ያለ ይመስልሃል። ውስጥ ውስጡን ሲሸሽ ቆይቶ በጣውላው ፊት በኩል ብቅ አለ። ማሽኑን አጠፋሁ። የደራው ዋንዛ አንዱ ግማሽ እንደ ተቀደደ ጨርቅ ሆኖ ነበር። መሐሉ ላይ ጥቁር የሆነች፣ የጎበጠች ሚስማር አየሁ።

ቤተሰቡ ሊያዩ የመጡ ዕለት መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። ኦቦ በዳዳ የተበላሸውን ጣውላ በመዳፋቸው ዳሰሱት። ሙሽሪት ወደ ደጅ ወጣች። ሚስማሯን ሳሳያቸው አዴ ጫልቱ ተቀብለው አገላበጧት።

"የእኔ ናት" አሉ። "የወተት ጮጮ እሰቅልባት ነበር፣ ውሻ እንዳይደርስብኝ።"

ባልየው ዞር አሉ። "ታዲያ ያን ዕለት አጠገባችን ቆመሽ ለምን አልተናገርሽም?"

"እኔን ማን ጠየቀኝ?" አሉ አዴ ጫልቱ።

ለልጅቷ በሌላ እንጨት አልጋ ተሠራላት። የአያቷ ዋንዛ ግን አልደረሳትም። ጋሽ ሰይድ ከወሎ ሲመለሱ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ዘለፋ ስጠብቅ ነበር። እሳቸው ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ማንን ጠየቅህ?" ብቻ አሉኝ።

"ባለቤቱን።"

"ዛፉ ሥር የሚውለው ማን ነው?"

አዴ ጫልቱ በሩ ላይ ቆመው ታዩኝ።

"ባል ዛፉን ይተክላል፣ አብራው የምትውለው ሚስት ናት። ከዛሬ ጀምሮ ሴትዮዋን ሳትጠይቅ ምላጭ እንዳታስነካ። አብሽር፣ ሁለተኛ አይደገምም።" ይህ የክፍላችን ደንብ ሆነ። አዲስ የሚገባ ሠራተኛ ሁሉ ከማሽኑ መክፈቻ ቀጥሎ የሚማረው እሱን ነበር። እኔም ክፍሉን ስረከብ እንዳለ አስተላለፍኩት። ሌላ ብዙ ስሕተት ሠርቻለሁ፣ እሱ ግን አልተደገመም።

እንግዲህ ወደ ጡረታዬ ልመለስ። ባለፈው ዓመት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ባጃጅ በሬ ላይ ቆመና ጋሽ ሰይድ ወረዱ። አርጅተዋል፤ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ጆሯቸውና ምላሳቸው ግን እንደ ድሮው ነው። በማዳበሪያ ከረጢት የተጠቀለለ ነገር ሹፌሩ ተሸክሞላቸው ገባ። ሲፈቱት ቁመቴን የሚያህል ወፍራም የዋንዛ ፍልጥ ነው።

"ከግቢዬ ነው" አሉ። መንገዱ ሲሰፋ አጥራቸው ወደ ውስጥ ገብቶ ዛፉ መቆረጡን አውቅ ነበር። "ልቡን ምስጥ በልቶታል። የተረፈችኝ ከመንገዱ ወገን ያለችው ይቺ ፍልጥ ብቻ ናት። አልጋዬ ሥር አድርጌ አደረቅኋት።"

"ምን ልሥራልዎ?"

"ረሃል።"

ረሃል ቁርኣን ሲቀራ የሚቀመጥበት፣ እንደ መቀስ የሚከፈትና የሚዘጋ ማንበቢያ ነው። የዱሮ ባለሙያ ከአንድ ጣውላ ነው የሚያወጣው፣ ሚስማርም ኮላም ሳይነካው። ማጠፊያው ከዚያው እንጨት ተፈልፍሎ እርስ በርሱ ይያያዛል። አስቸጋሪ ሥራ ነው፤ ከጫፍ ሲሰነጠቅ ማጠፊያው ጋ መቆም አለብህ፣ ትንሽ ካለፍክ ሁሉም ነገር አለቀ።

"ለዘሃራ ነው" አሉ ጋሽ ሰይድ። "ስንጋባ ቃል ገባሁላት። ከዚያ ወዲህ የሰው ቤት ስሞላ የእሷን ነገ ነገ እያልኩ፣ ይኸው እጄ ከዳኝ። እሷ ዛሬም ትራስ ላይ አድርጋ ነው የምትቀራው። አንድም ቀን አላነሳችብኝም። ይቺ ፍልጥ ከተበላሸች ሌላ የለኝም፣ ታደሰ። ደግሞ እንዳትሰማ።"

ፍልጡን አገላብጬ አየሁት። የለመደ አፌ ነው የተናገረው። "ጋሽ ሰይድ፣ ዛፉ ላይ ምን ተሰቅሎ ነበር?"

ትኩር ብለው አዩኝና ሳቁ። "እኔን ነው? አንተዋ! በገዛ ግቢዬ? ወላሂ አንድ ሚስማር አልነካውም።"

አመንኳቸው። ማግኔቱን አንሸራተትኩ፤ ዝም አለ። ግን ፍልጡን ማሽኑ አጠገብ ካስቀመጥኩት በኋላ እጄ አልታዘዝ አለኝ። ደንቡ ሚስቱን ጠይቅ ይላል። ሚስታቸውን ከጠየቅሁ ምስጢሩ ይወጣል፤ ከዚያም በላይ የመምህሬን ቃል ተጠራጠርኩ ማለት ነው። ካልጠየቅሁ ደግሞ እሳቸው ያስተማሩኝን ደንብ በእሳቸው እንጨት ላይ ልሽረው ነው። ሌላ ሌላ ሥራ እየሠራሁ በፍልጡ ዙሪያ ሰነበትኩ። ባለቤቴ "እንግዳ መስሎ ተቀምጧል፣ ቡና አፍይልለት እንዴ?" ብላ አላገጠችብኝ። እኔ ግን የአዴ ጫልቱ ድምፅ ከጆሮዬ አልወጣ ብሎኝ ነበር።

ጋሽ ሰይድ ለጁምዓ መስጊድ በሄዱበት ሰዓት ሙዝ ገዝቼ ቤታቸው ሄድኩ። እትዬ ዘሃራ በረንዳ ላይ ምስር ይለቅማሉ።

"ያ ዋንዛ ትዝ ይልዎታል?" ብዬ ጀመርኩ።

"እንዴት ይረሳኛል? ጥላውን አጥቼ ይኸው ፀሐይ ላይ ቁጭ ብዬ።"

"ልብስ ያሰጡበት ነበር?"

"ልብስስ በወዲያ በኩል በሽቦ ነበር። ለምንድን ነው?"

"እንዲሁ ነው።"

"እንዲሁ?" አሉና ሰፌዱን አስቀመጡ። "በጁምዓ ሰዓት፣ እሱ በሌለበት፣ ሙዝ ይዘህ፣ እንዲሁ? አልጋ ሥር የነበረ ፍልጥ ሲጠፋ የማላይ መስሎት ነው? ምን እንደምትሠሩ አልጠይቅህም። አንተ ግን የምትጠይቀኝን በደንብ ጠይቀኝ።"

ጠየቅኋቸው። ወደ መንገዱ አዩ።

"አንዲት ሚስማር አለች" አሉ። "እኔ ነኝ የመታኋት። ዝዋይ፣ ሁሩታ እያለ ሲሄድ እኔ ከልጆቹ ጋር ብቻዬን ነበርኩ። አጥራችን ያኔ እንጨት ነው፣ በሽንቁሩ ግቢው ከመንገድ ይታያል። አንድ ጊዜ በር የሚነካካ ሰው መጣብኝ። ከዚያ ወዲያ ሲመሽ አሮጌ ቱታውን አወጣና ዛፉ ላይ እሰቅለዋለሁ፣ በመንገዱ በኩል። የሚያልፍ ሰው ሰውየው ገብቷል ብሎ እንዲሄድ። ሊመጣ ሲል አወርደዋለሁ።"

"ለእሳቸው አልነገሯቸውም?"

"ምን ብዬ? እሱ አይደለም እንዴ ሐሳብ ያለበት ሰው ማሽን ላይ አይቆምም የሚለው? ብነግረው ወይ ሥራውን ትቶ እቤት ይቀመጣል፣ ወይ ሄዶ ሲያስብ ጣቱን ይቆረጣል። ከመንገድ በገባ ቁጥር ከሰላምታ በፊት ጣቶቹን ነበር የማየው።"

ተነሥተው ዛፉ የነበረበት ቦታ ሄዱና እጃቸውን ከፍ አድርገው "እዚህ ላይ" አሉ። አጠገባቸው ቆሜ ለካሁት፤ አገጬ ድረስ ነው። "እንዳትነግረው" አሉኝ። ባልየው እንዳትነግራት፣ ሚስትየው እንዳትነግረው። በሁለት ምስጢር መሐል ተቀርቅሬ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

ጋሽ ሰይድ እንደ ልማዳቸው የፍልጡን የሥር ወገን በመጥረቢያ ምልክት አድርገውበት፣ ከመሬት ጀምረው መቁረጣቸውን ነግረውኝ ነበር። ከዚያ ተነሥቼ ወደ ላይ ለካሁና በቀጭን መሮ ትንሽ ቆፈርኩ። መጀመሪያ እንጨቱ ጠቆረ። ትንሽ ጠለቅ ስል መሮዬ ብረት ነካ። ሚስማሯ እዚያ ነበረች፤ እትዬ ዘሃራ ባሉት ቦታ፣ በመንገዱ ወገን።

ነቅዬ ላወጣት ብሞክር ፍልጡ ይሰነጠቃል፤ ሌላውን ወገኑን ደግሞ ምስጥ ስለነካው ለረሃል የሚበቃው ጤነኛ እንጨት እዚያው ዙሪያዋ ያለው ብቻ ነው። ስለዚህ ንድፉን ዞር አደረግሁት። ረሃል እግሮቹ መሐል ክፍት የሆነ ቅስት አለው፤ ያ ቅስት ተቆርጦ የሚጣል ነው። ሚስማሯ በትክክል የሚጣለው እንጨት ውስጥ እንድትወድቅ አድርጌ አሰመርኩ። ቀጭን ምላጭ አሠርኩ፣ ሰፊ ምላጭ ጠባብ ኩርባ ላይ አይዞርምና። መጀመሪያ ከጫፍ ወደ ኩርባው መስመር ቀጥ ቀጥ ያሉ ቁርጦችን አስገባሁ፤ እንዲህ ሲሆን ምላጩ ሲዞር ቁራጩ በየተራ እየወደቀ መንገድ ይለቅለታል። ከዚያ ሚስማሯን በሩቁ ዞርኳት። ቁራጩ ከነሚስማሯ ጠረጴዛው ላይ ሲወድቅ ትንፋሼን ለቀቅሁ።

ማጠፊያውን በመሮና በቀጭን የእጅ መጋዝ ፈለፈልኩት፤ ብዙ ቀን ወሰደብኝ። በመጨረሻ ሰፊውን ምላጭ አሥሬ ጣውላውን በጎኑ አቆምኩና ከሁለቱም ጫፍ እስከ ማጠፊያው ድረስ ሰነጠቅሁት። ቀስ ብዬ፣ ጆሮዬን ምላጩ ላይ ጥዬ። ምንም ድምፅ አልነበረም፣ ማጉረምረሙ ብቻ። በሁለት እጄ ይዤ ወደ ጎን ስገፋው ትንሽ አንገራገረና ተከፈተ። ብቻዬን ቆሜ ሳቅሁ። ስንት ዓመት ሠርቼ እንዲህ የተደሰትኩበትን ቀን አላስታውስም።

አንድ ነገር ግን ቀረ። ብረት ያረፈበት እንጨት ጥቁረቱ በሚስማሩ ቦታ ብቻ አይቆምም፣ የእንጨቱን መስመር ይዞ ወደ ላይ ይወጣል። ከቅስቱ አናት ተነሥታ በአንዱ ክንፍ ላይ ጣት የምታህል ጥቁር ጭረት ቀርታለች። ልፍቃት ብሞክር ጠልቃለች። በዘይት አሸሁትና ተውኳት።

ይዤላቸው ስሄድ እትዬ ዘሃራ እንደማያውቅ ሰው እልል አሉ። እንዲህ ያለ ተዋናይ መሆናቸውን አላውቅም ነበር። ጋሽ ሰይድ ረሃሉን ጭናቸው ላይ አድርገው ከፈቱት፣ ዘጉት፣ ጆሯቸው ሥር አድርገው ደግመው ከፈቱት።

"ኮላ?"

"የለውም።"

"ሚስማር?"

"የለውም።"

"አንተ ሰው ሆነሃል" አሉ። ከእሳቸው አፍ ከዚህ የበለጠ ምስጋና ሰምቼ አላውቅም። ወደ ብርሃኑ አዞሩትና ጭረቷ ላይ ዓይናቸው ቆመ። አውራ ጣታቸውን አሳረፉባት።

"ይሄ የብረት ጥቁረት ነው" አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ዛፉ ላይ ብረት ነበር። አንተም አውቀህ ነው የዞርከው። ማንን ጠየቅህ?"

ወለሉን አየሁ።

"እኔን ጠየቀኝ" አሉ እትዬ ዘሃራ።

ከዚያ ለእኔ የነገሩኝን ለእሳቸው ነገሯቸው፤ በሩን የነካካውን ሰው፣ ቱታውን፣ ሚስማሯን። ጋሽ ሰይድ አላቋረጧቸውም። ሲጨርሱ ረሃሉን ምንጣፉ ላይ አስቀመጡና ሁለቱን መዳፎቻቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው አሥሩን ጣቶቻቸውን አዩ።

"እኔ እኮ" አሉ፣ "የእኔ ጥንቃቄ መስሎኝ ነበር።"

እትዬ ዘሃራ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። እኔም ጠረግሁ፣ ለምን እዋሻለሁ።

"ቱታው የት ገባ?" ብለው ጠየቁ ጋሽ ሰይድ።

ሣጥን ውስጥ ነበር። አጥበው አጥፈው አስቀምጠውታል፤ ሰማያዊነቱ ለቋል፣ አንገትጌው ላይ ሚስማሯ የበሳችው ቀዳዳ አለ። ጋሽ ሰይድ በቀዳዳው ጣታቸውን አሹልከው አዩና ለእኔ ሰጡኝ። "እኔ ከእንግዲህ ከቤት አልወጣም። አንተ ሥራ ላይ ነህ፣ ውሰደው" አሉኝ።

ለመልበስ እንኳ ሞክሬው ነበር፣ ሆዴ አላስገባኝም። ስለዚህ መዶሻ አነሣሁና ባንድሶው አጠገብ፣ በሩ ፊት ለፊት ባለው ምሰሶ ላይ፣ አንድ ሚስማር መታሁ። ባለቤቴ ድምፁን ሰምታ ወጣች። "ለሰዓቱ እምቢ ያለ እጅ ለአሮጌ ቱታ ታዘዘ?" አለች። ሰዓቱንም በዚያው ሰቀልኩላት።

በመንገድ የሚያልፍ ሰው በተከፈተው በር ሲያይ ጋሽ ሰይድ ማሽኑ አጠገብ የቆሙ ይመስለዋል። ጠዋት ስገባ እኔም ይመስለኛል። "ቤት ሰላም ነው" እላለሁ፤ የእጅ ሰዓቴን እፈታና ኪሴ እከተዋለሁ።